መርከብ አስገብቶ የሚመለስ ሰው፦ የባሕረኛ ሕይወት ከምጽዋ እስከ አሽቀሎን



ስለ ቄሶቻችን፣ ስለ ሽማግሌዎቻችን፣ በሱዳን በረሃ ስለ ወደቁት ወገኖቻችን ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ስለ ባሕር ሰዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱ አይሰወርም፤ እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ከወገራ፣ ከስሜን፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከሽሬ ተነሥተን የመጣን ሕዝብ ስንሆን የምናውቀው ውኃ ወንዝና ምንጭ ነው። ቢበዛ በጣና ዳር ያደገ ሰው ከደንገል የተሠራ ታንኳ ቀዝፎ ይሆናል። ባሕር ለአባቶቻችን ከኦሪት የሚሰማ እንጂ በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሆኖም ዛሬ የምንኖረው በባሕር ዳር ነው። ከራማት ኤሽኮል ወጥቶ ወደ ዳርቻው የወረደ ሰው፣ ከከተማው በስተደቡብ ባሕሩ ላይ ራቅ ብሎ የቆመ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ብዙ ጊዜ ያያል። ከመርከቡ ጎን ደግሞ እንደ ጥጃ የምትከተል አጭርና ወፍራም ጀልባ አለች። በአማርኛ ጎታች ጀልባ ወይም ታግ ቦት፣ በዕብራይስጥ ጎሬሬት ትባላለች። በዚህ ጽሑፍ የዚችን ጀልባ አዛዥ ሥራ፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሥራ የሚቀድመውን የባሕር ኃይል አገልግሎት፣ ይህም ሕይወት ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እናስረዳለን። በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጎታች ጀልባ አዛዥ ሥራ

ትልቅ መርከብ በውቅያኖስ ላይ ኃያል ነው፤ ወደብ አፍ ላይ ሲደርስ ግን አቅመ ቢስ ይሆናል። መርከብ እንደ መኪና ፍሬን የለውም። ሞተሩ ቢጠፋም በክብደቱ ብዛት ለረጅም ርቀት መንሸራተቱን ይቀጥላል። መሪው የሚታዘዘው ውኃው በላዩ በኃይል ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር መሪው ይደነዝዛል። እንግዲህ ወደብ ለመግባት ቀስ ማለት ግድ ነው፤ ቀስ ሲል ደግሞ አልታዘዝ ይላል። በዚህ ላይ ነፋስ ከጎን ከመታው፣ ከፎቅ ቤት የሚበልጠው ግድግዳው እንደ ሸራ ሆኖ ይገፋዋል።

ይህን ችግር የምትፈታው ጎታቿ ጀልባ ናት። ርዝመቷ ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን አካሏ አብዛኛው ሞተር ነው። ጉልበቷ የሚለካው በምትስበው ቶን ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በትልልቅ ወደቦች የሚሠሩት ከ40 እስከ 80 ቶን ይስባሉ። በአባቶቻችን ዘመን የነበሩት ከዚህ በእጅጉ ያነሱ ስለነበሩ፣ የጎደለውን የሚሞላው የአዛዡ ብልሃት ነበር።

ሥራው እንዲህ ይካሄዳል። መርከቡ ወደ ወደቡ ሲቃረብ ፓይለት የሚባለው የወደብ መሪ በትንሽ ጀልባ ሄዶ፣ በገመድ መሰላል ወጥቶ ከመርከቡ አዛዥ አጠገብ ይቆማል። ጎታቾቹ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው ወፍራም ገመድ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ ፓይለቱ «ሳብ»፣ «ግፋ»፣ «አቁም» እያለ ያዛል። ዛሬ ትእዛዙ በሬድዮ ነው፤ ቀድሞ በፉጨት ነበር፤ የጎታቹም አዛዥ በጀልባው ፉጨት «ሰምቻለሁ» ብሎ ይመልስ ነበር። አዛዡ ዓይኑን በአንድ ጊዜ በገመዱ፣ በመርከቡና በነፋሱ ላይ ማድረግ አለበት።

ከሁሉ የሚፈራው አደጋ ገመዱ በጎን ሲስብ የሚደርሰው ነው። ጀልባዋ ከመርከቡ ኋላ ቀርታ ገመዱ በጎኗ ከተወጠረ፣ የመርከቡ ክብደት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሊገለብጣት ይችላል። ስለዚህ ገመዱ የሚያያዝበት መንጠቆ በአንድ ምት የሚለቅ ሆኖ ይሠራል። አዛዡም መቼ እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚለቅ ማወቅ አለበት። አብረውት ያሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አንድ የሞተር ባለሙያና ሁለት ወይም ሦስት ባሕረኞች። የእነርሱ ነፍስ በእርሱ ውሳኔ ላይ ነው።

በአሽቀሎን ሥራው ከዚህ ትንሽ ይለያል። የነዳጁ መርከቦች ጥልቅ ውኃ ስለሚፈልጉ ከዳርቻው ርቀው፣ በተከፈተ ባሕር ላይ፣ ከትልልቅ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች ጋር ይታሰራሉ። ነዳጁ በቱቦ፣ ከዚያም በባሕሩ ወለል ላይ በተዘረጋ ብረት ቧንቧ ይተላለፋል። በዚህ ጊዜ መርከቡ በማዕበል ተወስዶ ቱቦውን እንዳይበጥስ የሚያግዘው ጎታች ጀልባ ነው። የኤላት–አሽቀሎን የነዳጅ መስመር የተሠራው ከስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ ኩባንያው በ1968 ተመሠረተ። የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ ስለነበር ነዳጁ በቀይ ባሕር ወጥቶ ኤላት ይራገፋል፤ ከዚያ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ አሽቀሎን ይደርሳል። ወደ ኤላት የሚሄድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሁሉ ደግሞ በባብ ኤል መንደብ በኩል በአሰብና በምጽዋ ፊት ያልፍ ነበር። በዚያን ጊዜ እነዚያን ዳርቻዎች የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ነበር።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይልና ሰዎቹ

ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ፣ ኢትዮጵያ ምጽዋንና አሰብን አገኘች። ባሕር ያገኘ መንግሥት ባሕረኛ ያስፈልገዋልና በ1955 ባሕር ኃይሉ ተመሠረተ። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ፤ የመኮንኖቹ ኮሌጅ አሥመራ፣ የተራ ባሕረኞቹ ማሠልጠኛ ምጽዋ ነበር። በማቋቋሙና በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖች ብዙ ረድተዋል። ከመሪዎቹ መካከል ስሙ በይበልጥ የሚታወቀው የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ሲሆን፣ በኖቬምበር 1974 ደርግ ከገደላቸው ባለሥልጣኖች አንዱ ሆነ።

ትልቁ መርከብ «ኢትዮጵያ» ይባል ነበር። በአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» ተብሎ ያገለገለ፣ ርዝመቱ 95 ሜትር ያህል የሆነ መርከብ ሲሆን፣ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ዕጩ መኮንኖች የባሕርን ትምህርት የተማሩት በእርሱ ላይ ነው። በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የብዙ አገሮች መርከቦች ይመጡ ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ የዚህ በዓል ነው።

ከደጋ ወጥቶ ምጽዋ የወረደ ወጣት መጀመሪያ የሚገጥመው ሙቀቱ ነው። ምጽዋ በሰዎች ከሚኖሩባቸው ከተሞች እጅግ ሞቃት ከሚባሉት አንዷ ናት። ሁለተኛው የባሕር ሕመም ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ አዲሱ ቋንቋ። መልሕቅ፣ ኮምፓስ፣ ራዳር፣ የማዕበል ንባብ፣ የባንዲራ ምልክት፣ ሁሉም ከመጀመሪያ የሚማሩት ነው። ይህን የተማረ ሰው ከውትድርና ሲወጣ ሙያው ከእርሱ ጋር ይወጣል። በየአገሩ የጎታች ጀልባ አዛዥ፣ የወደብ መሪ ወይም የንግድ መርከብ ሠራተኛ ሆነው የሚገኙት ብዙዎቹ የባሕር ኃይል ልጆች የነበሩት ለዚህ ነው። በኢትዮጵያም በ1964 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅትና ሁለቱ ወደቦች ባሕረኛ ይፈልጉ ነበር። አሰብ በ1967 የነዳጅ ማጣሪያዋ ሥራ ሲጀምር የነዳጅ መርከቦች የሚመላለሱባት ሆነች። በእስራኤልም እንዲሁ ነው፤ ከባሕር ኃይል የተሰናበተ ሰው በሃይፋ፣ በአሽዶድ ወይም በኤላት ወደብ ሥራ ላይ ቢገኝ አያስደንቅም።

ሁለት መንገዶች በአንድ ሳምንት

የዚህ ባሕር ኃይል ፍጻሜ ከእኛ ታሪክ ጋር በቀን መቁጠሪያው ላይ ጎን ለጎን ቆሟል። በፌብሩዋሪ 1990 ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። ባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጥቶ በአሰብና በዳህላክ ደሴቶች ተወሰነ። በሜይ 1991 መጨረሻ አሥመራና አሰብ ሲወድቁ፣ የቀሩት መርከቦች ባሕረኞቻቸውን ይዘው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሸሹ። በዚያው ሳምንት፣ በሜይ 24 እና 25፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። በአንድ መንግሥት መውደቅ ምክንያት አንዱ ወገን በሰማይ፣ ሌላው በባሕር ከአንድ አገር ወጣ። የእኛን መውጣት ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው፤ የባሕረኞቹን ግን ያየ የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሳዛኝ ነው። «ኢትዮጵያ» የተባለው መርከብ ከየመን ሳይመለስ በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ባሕር አልባ ሆነች። የተረፉት መርከቦች ጥቂት ጊዜ በጅቡቲ ቆይተው፣ ባሕር ኃይሉ በ1996 ከነጭራሹ ቀረ። መንግሥት እንደገና ለማቋቋም ማሰቡን የገለጸው በ2018 ነው። በመካከሉ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። የቀድሞዎቹ ባሕረኞች በየመን፣ በሳዑዲ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ተበታትነዋል። ሰፈሩ በሌላ አገር እጅ ነው፤ መርከቡ ቀልጧል፤ የቀረው የሰዎቹ ትዝታና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ነው።

የእኛ ባሕር

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። መልሱ በቀይ ባሕር ዳር፣ በሱዳን አለ።

ፈረደ አክሉም በ1979 የሱዳንን መንገድ ከከፈተ በኋላ፣ በገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች የተጠራቀሙትን ወገኖቻችንን ማውጣት ትልቅ ጭንቀት ሆነ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በሚገኘው በአሩስ፣ ጣሊያኖች ሠርተውት የተተወ የመዝናኛ ሰፈር ተከራየ። በስም የባሕር ጠላቂዎች ሆቴል ነበር፤ በሌሊት ግን ሰው ማሻገሪያ ሆነ። ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ ሰዎቹ በጭነት መኪና ረጅም መንገድ ተጉዘው ወደ ዳርቻው ይመጡ ነበር። በጨለማ የእስራኤል ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ እየተመላለሱ ተቀብለው፣ ከዳርቻው ርቃ ወደ ቆመችው «ባት ጋሊም» ወደ ተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ አደረሷቸው። መርከቧም በወቅቱ በእስራኤል እጅ ወደ ነበረችው ሻርም ኤል ሼክ ወሰደቻቸው። በማርች 1982 የሱዳን ወታደሮች ነገሩን የኮንትሮባንድ ሥራ መስሏቸው ተኩስ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ የባሕሩ መንገድ ቀርቶ በሄርኩለስ አውሮፕላን ማውጣት ተጀመረ። የአሩስ ሰፈር እስከ 1985 ቆየ።

አሁን ከላይ ያልነውን የጎታች ጀልባ ሥራ እናስታውስ። ትልቁ መርከብ ወደ ዳርቻው መቅረብ አይችልም፤ ኮራል ድንጋዩ ሆዱን ይቀደዋል። ሰዎቹም በእግራቸው ወደ እርሱ መሄድ አይችሉም። በመካከሉ ያለውን ጥቂት ርቀት፣ ከሁሉ የሚያስፈራውን ርቀት፣ የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ድንጋዩንና ማዕበሉን የሚያውቅ ባሕረኛ ነው። ባሕርን አይተው የማያውቁ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ሽማግሌዎች ኦሪቱን በእቅፋቸው ይዘው፣ በጨለማ በጎማ ጀልባ የተሳፈሩት በእርሱ እጅ ታምነው ነው። እርሱም ሰዎቹን ለመርከቡ አስረክቦ ወደ ዳርቻው ይመለሳል፤ ሌሎች ይጠብቁታልና። ብዙዎቹ ተሻጋሪዎች ያን ሰው ስሙን አያውቁትም፤ ፊቱንም በጨለማ አላዩትም።

ሃይማኖታችን ግን ለዚህ ነገር ቦታ ሰጥታዋለች። የመዝሙረ ዳዊት 107ኛው መዝሙር በመርከብ ወደ ባሕር ስለሚወርዱ ሰዎች፣ ስለ ማዕበሉና ከማዕበሉ በኋላ ስለሚገኘው ጸጥታ ይናገራል። ሊቃውንት ከዚሁ መዝሙር ተነሥተው አራት ዓይነት ሰዎች በጉባኤ ፊት ምስጋና እንዲያቀርቡ ሥርዓት አወጡ፤ ባሕርን የተሻገሩ፣ ምድረ በዳን ያለፉ፣ ከሕመም የዳኑና ከእስር የወጡ። ይህ ምስጋና ብርካት ሀጎሜል ይባላል። ከወገኖቻችን መካከል አራቱም በአንድ ሰው ላይ የተፈጸሙባቸው አሉ።

ቤተሰብ ምን ይጠይቅ? ተመራማሪስ?

ከወገኖቻችን በኢትዮጵያ ጦር ያገለገሉ ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ በ1983 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ወጣቶች በብዛት ተወስደዋል። ወደዚህ ሲመጡ ግን ያንን ዘመን መናገር ያልፈለጉ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ የሸሸውን መንግሥት አገልግሏል እንዳይባል ፈራ፤ ሌላው ያየው ደም አፉን ዘጋው። ደግሞም አዲስ ገቢውን «በአገርህ ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ በትዕግሥት የጠየቀው አልነበረም። ዕብራይስጥ ስላልቻለ ሙያ እንደሌለው ተቆጠረ። ስለዚህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት አንድ አባት «ባሕር ኃይል ነበርኩ» ወይም «ወደብ ሠርቻለሁ» ቢሉ፣ እንደ ቀላል ነገር እንዳታልፉት እንለምናለን። ለጥያቄአችሁ የሚረዱ አምስት ነጥቦች እነሆ።

አንደኛ፣ ማዕረግ። «ካፒቴን» የሚለው ቃል ያሳስታል። የማንኛውም መርከብ አዛዥ ካፒቴን ይባላል፤ በዕብራይስጥም ራቭ ሖቬል ነው። በባሕር ኃይል ማዕረግ ግን ካፒቴን የሚተካከለው በምድር ጦር ከኮሎኔል ጋር እንጂ ከሻምበል ጋር አይደለም። በየትኛው ትርጉም እንደተባለ መጠየቅ ያሻል።

ሁለተኛ፣ ዓመተ ምሕረት። የኢትዮጵያ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የተጻፈበት ወረቀት ሜይ 1991 ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ተመራማሪ ሰውየውን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል።

ሦስተኛ፣ ቦታና መርከብ። ምጽዋ፣ አሰብ ወይስ ዳህላክ? በመርከብ ላይ ወይስ በምድር ሥራ? የመርከቡ ስም ወይም ቁጥር ከታወቀ፣ የቀረውን ከሌሎች አገሮች መዛግብት ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ ብዙዎቹ መርከቦች ከውጭ የመጡ ናቸውና።

አራተኛ፣ ወረቀቱና ፎቶግራፉ። የማሠልጠኛ ምስክር ወረቀት፣ የባሕረኛ ደብተር፣ የሜዳልያ ወረቀት፣ ከጓደኞች ጋር የተነሡት ፎቶ፤ ምንም አይጣል። ከፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይጻፍበት። ስም የሌለው ፎቶ ለልጅ ልጅ ድዳ ነው።

አምስተኛ፣ እጁ የሚያውቀው ሥራ። ገመድ እንዴት እንደሚቋጠር፣ ነፋስ እንዴት እንደሚነበብ፣ በፉጨት እንዴት እንደሚነጋገሩ አሳየን በሉት። ስለ ጦርነት ሲጠየቅ ዝም የሚል ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ይናገራል። በአማርኛ ይናገር፤ የልጅ ልጁ በዕብራይስጥ ይጻፈው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ።

በሱዳን ዳርቻ በጎማ ጀልባ የተሻገሩትንም በዚሁ መንገድ መጠየቅ ይገባል። ከመኪናው የት ወረዱ? ውኃው እስከየት ደረሰ? ማን እጅ ሰጠ? በመርከቡ ላይ ምን ተበላ? እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች በመንግሥት መዝገብ አይገኙም።

ጊዜው አጭር ነው። ባሕር ኃይሉ በተመሠረተ ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ አጋማሹን አልፏል። በባት ጋሊም ላይ የተሳፈረ የ40 ዓመት አባት ዛሬ በሕይወት ካለ ከሰማንያ በላይ ነው። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ዛሬ ራሳቸው በእስራኤል ባሕር ኃይል ለማገልገል የሚመለመሉ ናቸው። አንድ ወጣት ነጩን ልብስ ለብሶ ሲቆም፣ ከእርሱ በፊት ከዚያው ከደጋው ሕዝብ ባሕርን የተማሩ፣ ባሕርንም በሌሊት የተሻገሩ አባቶችና እናቶች እንደነበሩት ሊያውቅ ይገባዋል።

ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ያሉትን ዕድሜ ይስጥልን። ለመጠየቅም እኛን ያትጋን።